አባዬ ዳቦ ገዝቶ የሚመለስበት ሰፈር

ጥቅምት 3

ሥራ ከጀመርኩ ሳምንት ሆነኝ። ፀጉሬ ውስጥ ጀሶ፣ ቅንድቤ ላይ ጀሶ፣ ሻይ ስጠጣ ራሱ ጀሶ ጀሶ ይለኛል። የትም ከተማ ቢሄዱ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ክፍል ያው ነው። በፊት በነበርኩበት ከተማ ግን ብቻዬን ነበርኩ። አንድ መሞረጃ ማሽን፣ አንድ ሬዲዮ። እዚህ ስድስት ሆነን ነው። ስድስቱም መሞረጃ በአንዴ ሲነሳ ድንጋይ የምንፈልጥ እንጂ ጥርስ የምንሠራ አንመስልም። ከሥራ ከወጣሁ በኋላም ጩኸቱ ከጆሮዬ አይወጣም።

አለቃዬ ደህና ሴት ናት። የሠራሁትን የላይ ጥርስ ብርሃን ላይ አገላብጣ አየችና እጅሽ አይቸኩልም አለችኝ። ምስጋና ነው ወይስ ወቀሳ? ምስጋና ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

ለጊዜው ባልደረባዬ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግቼ ነው የማድረው። ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን እስከ መቼ? ቤት መፈለግ አለብኝ። ለራሴ ብቻ ቢሆን የትም እገባ ነበር። አባዬ አለ እንጂ...

ዛሬ ደወልኩ። ታላቅ እህቴ አነሳችው። የባሏ ሥራ ስለተቀየረ በኅዳር ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። አባዬ አብሬያችሁ አልሄድም ብሏል። ብቻዬን እዚሁ እሆናለሁ ይላል አለችኝ፣ አንቺው አናግሪው። ስልኩን ሰጠችው። ጥርሱን አውጥቶ ስለነበር ግማሹ አልገባኝም። በዚህ እጄ የሠራሁለት ጥርስ! ከቤት ሲወጣ ብቻ ነው የሚያደርገው። ሌላ ጊዜ ብርጭቆ ውስጥ ተነክሮ ይውላል። ቤት ውስጥ ለማን ልሳቅ ይላል።

የገባኝ ይሄን ያህል ነው። «ብቻዬን ወጥቼ፣ ዳቦ ገዝቼ፣ ብቻዬን የምመለስበት ቤት ካገኘሽ እመጣለሁ። እጄን ይዘሽ ልታዞሪኝ ከሆነ ግን ተይኝ።»

ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ ሰው። ያን ሁሉ ሕዝብ ካሰበበት ያደረሰ ሰው፣ አሁን ሕልሙ ዳቦ ቤት ደርሶ መምጣት ብቻ ሆነ። አንጀቴን በላው። ብቻውን እዚያ አልተወውም። ግን የታለ እንዲህ ያለ ቤት?

ጥቅምት 6

ደላላ አገኘሁ። «ፀጥ ያለ ቤት» አልኩት። «ከኔ የተሻለ ፀጥታ የሚያውቅ የለም» አለኝ፣ እየጮኸ።

ጥቅምት 9

እሑድን ሙሉ ከደላላው ጋር ስዞር ዋልኩ። እግሬ ተላጠ።

አንደኛው ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ዛሬ ይሠራል አለ ደላላው። ደረጃውን ስንወጣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ራሱ ይሄንኑ ይለኝ ነበር። ሁለተኛው ደጃፉ የተከፈተ የቆሻሻ ውኃ ቦይ ነው። አባዬን አሰብኩና ተመለስኩ። ሦስተኛው... ሦስተኛውስ ሌላ ነው። ቤቱ መልካም ነበር። አንደኛ ፎቅ፣ ሰፊ መስኮት፣ ደረጃው አጭር፣ መደገፊያው ጠንካራ። ከሥሩ ግን ብየዳ ቤት! የብረት በርና መስኮት ይሠራሉ። መቁረጫው ሲጮህ፣ መዶሻው ሲያርፍ ወለሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። በግራ ዳቦ ቤት አለ፣ ሰልፉ መንገድ ዘግቷል። ከፊት ለፊት ትምህርት ቤት። ልጆቹ እሑድም ግቢው ውስጥ ኳስ እየተጫወቱ ይንጫጫሉ።

«መዶሻው ዛሬ ነው እንጂ ሌላ ቀን አይመቱም» አለኝ ደላላው። ዓይኑን በጨው ያጠበ። እሑድ የሚመታ ሰው ሰኞ ሊያርፍ ነው?

ቀኑን ሙሉ በመሞረጃ ስደነቁር ውዬ ማታ መዶሻ ላይ ልግባ? አይሆንም አልኩት። ቅር አለው። እኔን ግን ቅንጣት አልከፋኝም።

ጥቅምት 14

ዛሬ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ቤቱን ከማየቴ በፊት ሰፈሩን ዓይኔን ጨፍኜ ልሞክረው። ከበሩ ተነስቼ ዳቦ ወደሚሸጥበት... ደላላው ከኋላ ይከተለኝ ነበር፣ ምን እንደነካኝ ግራ ገብቶት። ገና ከመነሳቴ አንድ ሰው ላይ ተለጠፍኩ። ትልቅ ሰው፣ ልብስ ተኳሽ ነው፣ የታጠፈ ሸሚዝ በክንዱ ደርድሮ። ይቅርታ አልኩ ዓይኔን ሳልገልጥ። ሰውየው ደላላውን ቀስ ብሎ ምነው ልጅቱ፣ አለው። ቤት ፈላጊ ናት አለ ደላላው። እንደ በሽታ ስም።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የሰውየው ሸሚዞች ግን ተጨማደዱ... መተኮሻው ቤት ድረስ ተሸክሜ አደረስኩለት።

ጥቅምት 20

አገኘሁት!!

ፀጥ ያለ ሰፈር ማለት ይሄ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ አስፋልቱ ልሙጥ፣ ግራና ቀኝ አጥርና ዛፍ። መኪና የለ፣ ግፊያ የለ፣ የሚያደናቅፍ የለ። ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩበት፣ ማንንም አልነካሁም፣ ማንም አልነካኝም። ዳቦ የሚሸጥባት ሱቅ በዚያው መንገድ መጨረሻ ላይ ናት። ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። በረንዳ አለው። በረንዳው ላይ ዛፍ አዘንብሎበታል። ቁጭ አልኩበትና ጆሮዬ ውስጥ ያለው ጩኸት ራሱ ቀስ እያለ ጠፋ። ለአባዬ ነው የምፈልገው እያልኩ ለራሴም ነበር ለካ።

አከራይዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ ትሑት ሰው። ሲያወሩ የታች ጥርሳቸው ቀጭ ቀጭ ይላል። ማን ይሆን የሠራው? ልክ አይደለም። ለመናገር አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ተስማማን፣ ፈረምኩ።

ለአባዬ ነገርኩት። «ዳቦ ቤትስ?» አለ ወዲያው። አለ አልኩት። ቀጥ ብለህ ሄደህ፣ ቀጥ ብለህ መመለስ ነው። «ይሁና፣ ሐኪሟ» አለኝ። ደስ ሲለው ነው እንደዚህ የሚለኝ።

ኅዳር 5

አባዬ መጣ! እህቴ አመጣችው። አንድ ሻንጣ፣ ምርኩዙ፣ ብርጭቆው በፎጣ ተጠቅልሎ። ጥርሱን አድርጎ ነበር የመጣው፣ ፈገግ ብሎ። ቤቱን በእጁ ዳበሰው። ግድግዳውን፣ የመስኮቱን ጠርዝ፣ የበሩን እጀታ። ቆንጆ ነው አለ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቆየና፣ «ሰዎቹ ዛሬ የት ሄደው ነው?» አለ። እዚህ ሁሌም ፀጥ ያለ ነው አልኩት፣ በኩራት።

ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ደክሞት ይሆናል።

ኅዳር 9

ጥርሱ ብርጭቆው ውስጥ ነው። ትናንትም እዚያው ነበር። ነገ እወጣለሁ ይላል።

ኅዳር 13

እንዴት አድርጌ ልጻፈው...

ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ኮቱን እንደለበሰ፣ ጥርሱን እንዳደረገ። ጫማው ጭቃ ነው። ዳቦ የለም። አከራይዋ በር ላይ ጠበቁኝና በሹክሹክታ ነገሩኝ። ጠዋት ብቻውን ወጥቷል። ሲመለስ ቤቱን አልፎት ሄዷል። በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ልሙጥ ብረት፣ አጥሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። የሚጠይቀው ሰው በመንገዱ አላለፈም። ዞሮ ሌላ መንገድ ገብቶ፣ ከዚያም ሌላ፤ ዳቦውም አንዱ ጋ ወድቆበታል። በመጨረሻ የማያውቀውን በር ሲያንኳኳ ዘበኛው ያዘውና ክንዱን ይዞ ቤት ለቤት እየጠየቀ አመጣው። ክንዱን ይዞ። አባዬን።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሱቋ ሩቅ ናት እንዴ አልኩት።

«ሱቋ አልጠፋችኝም። እኔ ነኝ የጠፋሁት» አለ።

ዕድሜ ልኩን መንገድ ጠፋኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ። የቧንቧው ድምፅ ሳግን እንደማይሸፍን፣ ለሱ ጆሮ ደግሞ ምንም እንደማይሸፍን እያወቅኩ።

ኅዳር 14

ጠዋት ተደፋፍሬ ጠየቅኩት። ምን ጎደለ፣ አባዬ? መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ የሚያደናቅፍ ነገር የለውም። እርምጃህን ብትቆጥርስ?

«እርምጃ የሚቆጥር ሰው ወሬ ያመልጠዋል» አለ። ቀልዱ ተመለሰ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያኔ ነው የነገረኝ። ሲነዳ ለካ ዓይኑ ብቻ አልነበረም የሚሠራው። ወፍጮው ሲሰማው መታጠፊያው ደረሰ ማለት ነው። ድልድዩ ላይ የጎማው ድምፅ ይቀየራል። ገበያው ከሽታው ይታወቃል። እዚህ ግን... «ይሄ ሰፈር ዝም ብሎ ያየኛል እንጂ አያናግረኝም» አለ። ወደ እህቴ እንድመልሰው ደውይላት አለኝ። ኑሮዋ ገና አዲስ ነው፣ ቢሆንም ጥግ አታጣለትም አለ።

ፀጥታ እኮ ለኔ ነው መድኃኒት። ዓይን ለሌለው ሰው ፀጥታ ጨለማ መሆኑን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ዓይኔን ጨፍኜ ስሄድ ማንንም ስላልነካሁ ደስ አለኝ። አባዬ የሚፈልገው የሚነካውን ነበር።

እህቴ ጋ አልደወልኩም። ደላላው ጋ ደወልኩ።

ኅዳር 16

የብየዳ ቤቱ ፎቅ እስካሁን አልተያዘም። ማን ይይዘዋል?

«ፀጥ ያለ አልነበር እንዴ የፈለግሽው?» አለ ደላላው። ሐሳቤን ቀየርኩ አልኩት። ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አባዬን ይዤው ሄድኩ። መንገድ ላይ ምንም አልነገርኩትም። ከመኪና ወረድን፣ በሩ ፊት ቆምን። መቁረጫው ይጮሃል፣ መዶሻው ይወርዳል፣ ልጆቹ ዕረፍት ወጥተው ይንጫጫሉ፣ ሰልፈኛው ስለ ተራ ይጨቃጨቃል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ። አባዬ አንገቱን ቀና አድርጎ ያዳምጣል። ፊቱ... ፊቱን እንደዚያ ካየሁት ሦስት ዓመት ሆኖኛል።

በምርኩዙ ወደ ግራ አመለከተ። ዳቦ ቤት፣ አለ፣ እሱንስ አፍንጫዬ ነገረኝ። ወደ ፊት አመለከተ። ትምህርት ቤት። ቀጥሎ ምርኩዙን ዝቅ አደረገ።

«ይሄ መዶሻ ከቤቱ ሥር ነው?»

«ከሥሩ ነው አባዬ። ችግሩ ይሄ ነው።»

«በሩ ይሄ ነው» አለኝ።

ደላላው ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ ማታ ማታ እኮ አይመቱም አለ። አባዬ «ቀን ካልመቱ ነው የምንጣላው» አለው። ደላላው እንደኛ ዓይነት ደንበኛ አጋጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ውሸት ሳይናገር ሸኘን።

ኅዳር 19

ለአከራይዋ እንዴት ልንገራቸው ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ገና ገብቼ ልወጣ! ነገርኳቸው። አላዘኑብኝም፣ የዚያን ቀን የአባዬን ፊት አይተዋል። እኔም ያቺን ነገር አፌ ላይ አልያዝኳትም። የታች ጥርስዎን ቢሰጡኝ አስተካክልልዎት ነበር አልኩ። ደነገጡ። ይታያል እንዴ አሉኝ። አይታይም፣ ይሰማል አልኳቸው።

ነገ ላብራቶሪ ይመጣሉ። አለቃዬ ፈቅዳለች።

ኅዳር 25

ገባን። ዕቃው ገና አልተፈታም። ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ቋ! ከአልጋዬ ዘለልኩ። ቋ! ቋ! ቀጥሎ መቁረጫው። ያ በረንዳዬ፣ ያ ዛፌ... እውነቱን ልጻፍ፣ ናፈቁኝ። ትራሱን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ተመልሼ ተኛሁ።

ስነሳ አባዬ መስኮቱን ከፍቶ ተቀምጧል፣ እንደ ሬዲዮ እያዳመጠው።

ኅዳር 27

ወረድንና በያጁን ተዋወቅነው። ክንዱ የኔን ወገብ ያክላል፣ ድምፁ ግን ቀጭን። የፊት ጥርሱ አንዱ የለም፣ ሲስቅ በእጁ ይሸፍነዋል። እኔ ያየሁት መጀመሪያ እሱን ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ። አባዬ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቀው። ሰውየው ቅሬታ መስሎት ተሽቆጠቆጠ። ይቅርታ አባባ፣ የተቀበልነው ሥራ በዝቶ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ቀነስ እናደርጋለን አለ።

«እንዳትቀንስ። መዶሻህ ነው በሬን የሚያሳየኝ» አለው አባዬ።

ሰውየው እኔን አየኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ታኅሣሥ 2

ዳቦ!!! ጠረጴዛው ላይ። ሁለት ዳቦ፣ አንዱ ጫፉ ተቆርሷል። መንገድ ላይ ነው የበላው፣ በኔ ጥርስ። ብርጭቆው ባዶ ነበር ስገባ። ብርጭቆ ባዶ ሆኖ ሳይ እንደዚህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ማን አገዘህ ማለት አልነበረብኝም፣ አመለጠኝ። ተኮሳተረ። ሄዶ ሲመለስ ሰልፉ ላይ ያሉትን ሁሉ ተዋውቋል። ጡረታ የወጣች አስተማሪ አለች አሉ፣ ተራ የምትዘል፣ እሷን በድምፅ ለይቷታል። ነገ እንይዛታለን ይላል።

ታኅሣሥ 11

ዛሬ ዳቦ ቤት ስገባ ሻጯ «የአባባ ልጅ ነሽ አይደል?» አለችኝ። ቀድሜ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት እኔ ነኝ! ግን ደስ አለኝ። ዳቦውን ከኋላ፣ ከትኩሱ መርጣ ሰጠችኝ።

ጩኸቱስ? እውነት ለመናገር፣ አለ። ከሥራ ስመጣ አንዳንዴ ያናድደኛል። ማታ ማታ ግን ሲዘጉ ጆሮዬ የሆነ ነገር ይፈልጋል።

ታኅሣሥ 20

አርፍጄ ነቃሁ። መዶሻው ሲመታ ነበር ለካ፣ አልሰማሁትም።

ጥር 6

ይሄን ሳልጽፍ አላርፍም።

ረፋዱ ላይ ላብራቶሪው ውስጥ መብራት ጠፋ። ስድስቱም መሞረጃ በአንዴ ቀጥ አለ። ስናርፍ፣ ስንስቅ ቆየን። የከተማው ግማሽ ጠፍቷል ተባለ። አለቃዬ፣ ዛሬ አይመጣም፣ ሂዱ አለችን። ቦርሳዬን አነሳሁና በዕረፍቱ ደስ ብሎኝ ግማሽ መንገድ ሄድኩ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሰፈሩም ጨልሟል ማለት ነው። መቁረጫው የለም። ብየዳው የለም። ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አባዬ ዳቦ የሚገዛው ደግሞ ይሄኔ ነው...

ሮጥኩ። ጫማዬን አውልቄ ብሮጥ በተሻለኝ ነበር። በስልክ ደወልኩ፣ አያነሳም። እሱ ስልኩን መች ይዞ ያውቃል? ያ ጭቃ የነካው ጫማው፣ ያ ዘበኛ... እኔ ነኝ የጠፋሁት ያለው። ይሄንንም ሰፈር ከተነጠቀ ሁለተኛ አይወጣም። ይሄን ነበር የማስበው። ሁለተኛ አይወጣም።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ ሰማሁት። ቋ። ቋ። ቋ።

ብየዳ ቤቱ ጨለማ ነው። ሠራተኛ የለም። በያጁ ብቻውን ደጃፉ ላይ በርጩማ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ አንድ ቁራጭ ብረት እግሩ ሥር አድርጎ ይመታል። ላብ በላብ ሆኗል። ሲያየኝ መምታቱን አላቆመም።

«አባባ ዳቦ ሊገዙ ወጥተዋል። እስኪመለሱ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዳትነግሪያቸው እህቴ። መሪ የሰጠናቸው መስሏቸው ይቀየማሉ።»

እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በሩ ጀርባ ቆምኩ።

መጣ። ዳቦውን በብብቱ ይዞ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ በራሱ እርጋታ። ከሰልፉ አንዲት ሴትዮ ከኋላው የሆነ ነገር ብላ አሳቀችው። መዶሻው ጋ ሲደርስ ታጠፈ፣ ልክ በሩ ላይ።

«ይሄ በር ዛሬም አላለቀም?» አለው በያጁን።

«ትንሽ ይቀረዋል አባባ።»

ቀድሜው ወደ ላይ ወጣሁና ከሥራ አሁን እንደገባሁ ሆንኩ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ከታች መዶሻው ዝም አለ።

መብራት ጠፍቷል አይደል አለኝ። እንዴት አወቅክ አልኩት፣ ድምፄን ተራ አድርጌ።

«መቁረጫው ዝም ብሏላ። በያጁ ደግሞ ሥራ ሲኖረው ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ያገላብጣል፣ ደግሞ ይመታል። ዛሬ እንደ ሰዓት ነበር የሚመታው። ሥራ የለውም። ለኔ ብሎ ነው።»

ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ወደኔ ገፋው።

«እንዳትነግሪው» አለኝ። «ማወቄን ካወቀ ያፍራል።»

ለሁለቱም እሺ ብያለሁ። ዳቦውን በላን። እንባዬ በዳቦው ላይ ወረደ፣ እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። የበያጁን የፊት ጥርስ ልሠራለት ወስኛለሁ። ለምን እንደሆነ አልነግረውም፣ ጎረቤት ስለሆንን ነው እለዋለሁ።

ይሄን ስጀምር ገና መብራት አልነበረም። አሁን መጣ። ሠራተኞቹ ተመልሰው መቁረጫው ተነሳ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እየወጡ ይንጫጫሉ። መስኮቱን ከፈትኩት። ከታች በያጁ መታ። ትንሽ ቆየ። አገላበጠው። ደግሞ መታ።

ይሄኛው የእውነት በር ነው።